መጽሐፍ ጭነው የወረዱ አህዮች

አያ በላይነህ መጀመሪያ ወደ ዕፀገነት ሱቅ የገቡት መጽሐፍ ፍለጋ አልነበረም። የታመመ ወንድማቸውን ከስማዳ ቆላ ንፋስ መውጫ ድረስ አምጥተው፣ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ኮፒ አስደርገው እንዲመለሱ ተልከው ነው። ዕፀገነት ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ዘርግታ ቀና ስትል፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ትክ ብለው ያያሉ።

“ለልጅዎ ነው አባባ?” አለች፣ ሊገዙ የፈለጉ መስሏት።

“የኔ ልጆችማ ጎርምሰው ወልደዋል። ለትምህርት ቤታችን ነው እንጂ።”

ከዚያ ወንድማቸውን እስኪረሱ ድረስ ቆመው አወሩላት። አገራቸው ከወገዳ ወዲያ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለች ሽምብራ ሜዳ የምትባል ቦታ ናት። ትምህርት ቤት አላቸው፤ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ የሠራው። እሳቸው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። መምህርት ግን አንዲት ብቻ ቀርታቸዋለች። መጽሐፍም ለየትምህርቱ አንዳንድ ብቻ ነው። መምህርቷ ከዚያች ከአንዷ መጽሐፍ ላይ እያየች ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ትሞላዋለች፤ ከአንዱ ክፍል ወጥታ ወደ ሌላው ትገባና እሱንም ትሞላዋለች። ደብተር ያለው ልጅ ይገለብጣል፣ የሌለው ክንዱ ላይ ይጽፋል።

“እጇ አለቀ” አሉ አያ በላይነህ። “በጠመኔ እጇ አለቀ፣ እታለም።”

ዕፀገነት ገበታውን ከግድግዳው አውርዳ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እሳቸው ስልክ ቁጥራቸውን ትተውላት እያመሰገኑ ወጡ። እሷ ግን ከሄዱ በኋላ ወደ ሥራዋ መመለስ አቃታት።

ዕፀገነት አካውንቲንግ ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ እህቷ ያገዘቻትን ይዛ ይህቺን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የከፈተች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስታባዛ ትውላለች፤ የዚህን ሰው መታወቂያ፣ የዚያን ሰው ክስ፣ የሌላውን የሥራ ማመልከቻ። ወረቀቱ በእጇ ያልፋል እንጂ ከእሷ ጋር የሚቀር ነገር የለውም። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይኼስ የኔ ነው፣ አለች በልቧ። መጽሐፍ አይደለም እንዴ የጎደላቸው? መጽሐፍ ማግኘት አያቅተኝም።

በማግሥቱ ሱቁ በር ላይ ካርቶን አስቀመጠች። ሰዉ ያገኘውን ሁሉ ይጥልበት ጀመር፦ ሽፋኑ የተገነጠለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ፣ የሠርግ መጽሔት፣ አንዴ እንዲያውም የቴሌቪዥን መመሪያ። እሷ እየሳቀች ትለያለች። ባሕር ዳር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ የተረት መጻሕፍት አሰባስበው ላኩላት። የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ እየዞረች እየተዋሰች፣ መብራት በመጣ ቁጥር ራሷ አባዝታ ራሷ ጠረዘች። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ገጾቹን በቅደም ተከተል ይደረድሩላታል። “ይቺ ልጅ በወረቀት ልታገባ ነው” እያሉ ለጎረቤት ቢያሟትም፣ አንድ ገጽ እንዳይዘል ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ሁለቴ ይቆጥሩ ነበር።

መጻሕፍቱ በታኅሣሥ ተዘጋጁ። መንገዱ ግን ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ጫነች፣ ጭነው ሊነሱ ሲሉ ደግሞ ተዘጋ፤ አወረደች። እንዲህ ሲል ሚያዝያ አለቀ። ያኔ ነው መሕቡብ የሚባለው የወገዳ እህል ነጋዴ ደብተር ሊገዛ ሱቋ ገብቶ፣ እስከ ጣራው የተደረደረውን ካርቶን አይቶ ምን እንደሆነ የጠየቃት። ነገረችው።

“አይሱዙዬ ስንዴ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለስ” አላት። “ነገ ማለዳ በአርብ ገበያ በኩል ነው የምወጣው። እስከ ወገዳ አደርስልሻለሁ። ከወገዳ ወዲያ ግን መኪና አይሞከርም፤ ለሰዎቹ ደውይና አህያ ይዘው ይጠብቁሽ።”

“ስንት ላስብልህ?”

“ምን ልትይ ነው? እኔ ይኼን ካስከፈልኩ ነጃት ቤት አታስገባኝም” አለ። ነጃት ሚስቱ ናት።

ዕፀገነት እህቷን ከእናቷ ጋር እንድታድር ለምና፣ ማለዳ ከመሕቡብ ጎን ተቀመጠች። መንገዱ አቧራ ነው። የበልግ ዝናብ ጥቂት ጥሎ የተወው ማሳ በሁለቱም ወገን ለዘር ታርሶ ተኝቷል። እሷ ግን መንገዱም ማሳውም አልታያት። የሚታያት የልጆቹ ፊት ነው። ያላየቻቸውን ልጆች ፊት እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ስትል መሕቡብ በጎን አይቷት፣ “ሙሽራ መስለሻል” አላት።

ወገዳ ሲደርሱ አያ በላይነህ ከገበያው ዳር ከስድስት አህዮችና ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመዋል። ዕፀገነትን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ሳሙ። ካርቶኖቹን ፈተው መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ከተቱ፣ ጭነቱን አመዛዝነው በመጫኛ አሰሩ። መሕቡብ “ነገ ከሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ ይዤሽ እሄዳለሁ” ብሏት ቀረ።

ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። አያ በላይነህ ግን በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ፍየል ይወርዱታል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ድንጋይ በድንጋይ ረግጠው ተሻገሩ።

“ይቺ ናት ወንዙ?” አለች ዕፀገነት፣ ትልቅ ወንዝ ጠብቃ ስለነበር።

አያ በላይነህ አልሳቁም። “አሁን ናት እንዲህ ያለችው” አሉና አህዮቹን ነድተው አለፉ።

ከትምህርት ቤቱ በፊት እልልታው ተቀበላቸው። ሴቶቹ ከበሩ ላይ ቆመዋል፤ ልጆቹ ከሁለቱ ጭቃ ቤቶች ፊት ተሰልፈዋል፤ ከመካከላቸው ነጭ ጋወን የደረበች፣ ሆዷ የገፋ፣ ፊቷ የከሳ ሴት ቆማለች። መምህርት ብርነሽ ናት። ዕፀገነት በሐሳቧ ጠና ያለች ሴት ሥላ ነበር፤ ይቺ ግን የእሷው እኩያ ናት። እግሯ አብጦ የፕላስቲክ ጫማዋ ተረከዟ ላይ አልገባም፤ ረግጣው ነው የቆመችው። እጇን ዘረጋችላት። መዳፏ በእርግጥም በጠመኔ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

“እግዚአብሔር ያክብርሽ” አለች ብርነሽ፣ ከረጢቶቹን እያየች። ሌላም ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

መጻሕፍቱ ወረዱ። ብርነሽ በየክፍላቸው ለይታ፣ ስም እየጠራች ማደል ጀመረች። ልጆቹ በሁለት እጃቸው ይቀበሉና እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ማንም አልገለጠም። ዕፀገነት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ “ክፈቺው እንጂ” አለቻት።

ልጅቷ መምህርቷን አየች፣ መጽሐፉን አየች። “ማታ ነው የምንመልሰው?” አለች።

“አይመለስም። ያንቺ ነው።”

ልጅቷ አላመነችም። መምህርቷን እንደገና አየች። ብርነሽ ራሷን ነቀነቀችላት። ያኔ ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፤ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እየሳበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። ዕፀገነት እንባዋ መጣ። ያ ሁሉ ጭኖ ማውረድ፣ ያ ሁሉ መብራት ጥበቃ ተረሳት። ቀና ስትል ብርነሽም ታለቅሳለች። ደስታ መሰላት።

አመሻሽ ላይ አያ በላይነህ ቤት ምሳና እራት አንድ ላይ ቀረበ። የጎረቤት ሰዎች ሞልተዋል። ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ግን ጨዋታው አልደምቅ አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ አማረች የምትባል፣ ሦስት ልጆቿን እዚያ የምታስተምር ሴት ከጥግ ሆና ተናገረች።

“እታለም፣ አንቺ ንገሪያት። አንቺን ትሰማ ይሆናል። የከተማ ሰው ነሽ፣ ሴትም ነሽ።”

“ማንን?”

“መምህርቷን ነዋ። ቆዪልን በያት። ልትሄድብን ነው።”

ዕፀገነት ወደ አያ በላይነህ ዞረች። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

“ልትሄድ ነው? መቼ?”

“ክረምቱ ሳይገባ” አሉ ዝግ ብለው። “ወንዙ ሳይሞላ።”

“ሌላ መምህርስ?”

“የለም። ሁለቱ ወንዶች አምና ሄደው በዚያው ቀሩ። ሌላ ላኩልን ብለን አምስት ጊዜ ተመላለስን። ይላካል ይሉናል። ማን ይመጣል? መንገዱ እንዲህ፣ አገሩ እንዲህ።”

“ለምን አልነገሩኝም አያ?” ድምጿ ከፍ ማለቱን ሰምታ አፈረች። “ይኼን ሁሉ ጊዜ ስንደዋወል አንድ ቀን እንኳ!”

“መጽሐፍ ከመጣ ትቆያለች ብዬ ነዋ ልጄ።” አያ በላይነህ አሁንም ቀና አላሉም። “ያማረራት ሰሌዳው ነው ብዬ ነው። ለሕዝቡም እንዲያ ነው ያልኩት። መጽሐፉ ይምጣ እንጂ ትቆያለች አልኳቸው።”

አማረች ግን አልተወቻትም።

“እሷ ካልሆነች አንቺስ?” አለች። “አልተማርሽም? ዓመቱን እስኪጨርሱ ብቻ፤ እስከ ሰኔ። ቤት አለን፣ የምትበይው አናሳጣሽም። ጥሬውን ለቅመን፣ ወተቱን አልበን...”

“እናቴ ስኳር አለባቸው” አለች ዕፀገነት። “መርፌያቸውን ጠዋትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነኝ። እህቴ ለሁለት ቀን ብቻ ነው የመጣችው።”

እውነት ነው የተናገረችው። ግን ከአፏ ሲወጣ ሰበብ መሰላት። አማረችም እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ እውነት ተቀብላ፣ “ውይ፣ እግዜር ይማርልሽ” አለቻት። ያ ደግሞ ባሰባት።

ብርነሽ የምትኖረው ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ዕፀገነት ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሞቀ ውሃ ነክራ ነበር። ልብሷ በሁለት ሻንጣ ተጣጥፎ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

“ላኩሽ አይደል?” አለቻት።

“አዎ።”

“ይላኩሽ፤ እውነት አላቸው። ተቀመጪ።”

ዕፀገነት ከአልጋው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ብርነሽ እግሯን ከውሃው ሳታወጣ፣ ወደ በሩ እያየች ነገረቻት።

“ይኼ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ምጥ የያዘኝ ሐምሌ ላይ ነበር፣ እዚሁ። ባለቤቴ እስቴ ከተማ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አልነበረም። እነ አያ በላይነህ ቃሬዛ ሠርተው፣ በዚያ ጭቃ እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። ዛሬ ያየሽው ወንዝ እንዳይመስልሽ፤ ዛፍ ይዞ ነው የሚሄደው። ዳር ላይ አስቀመጡኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው ከላዬ ወጥረው ያዙልኝ፣ እነሱ እየተደበደቡ። እስኪጎድል ጠበቅን። ወንዙ ጎደለ፤ ልጁ ግን አልጠበቀም።”

ዕፀገነት በርጩማዋን ወደ አልጋው አስጠጋች።

“ያን ልጅ የቀበሩልኝ አያ በላይነህ ናቸው። ስለዚህ ሲለምኑኝ ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ስጪኝ ቢሉኝ የማልሰጣቸው የለኝም ነበር። በዚያ መስከረም ተመልሼ መጥቼ አስተምሬያለሁ። እነዚያ ሁለቱ ሲሄዱም እኔ አልሄድኩም። አሁን ግን ስምንት ወሬ ነው። ጤና ጣቢያ ያለው ወገዳ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ...” እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ቀጥላ ወደ ዕፀገነት ዞረች። “በይ ንገሪኝ። የላኩሽን ንገሪኝ። ቆዪ በይኝ።”

ዕፀገነት ከበሩ ውጭ የሚጠብቁትን ሰዎች ታውቃለች። አማረች አለች፣ አያ በላይነህ አሉ። ያቺ መጽሐፉን ማታ የምትመልስ የመሰላት ልጅም ታወሰቻት። ከዚያ ደግሞ የብርነሽ ያበጠ እግር ከፊቷ አለ። በየትኛው አፏ ቆዪ ትላታለች? በየትኛውስ አፏ ሂጂ ትላለች?

“ማን ይወስድሻል?” ብቻ አለች።

“ባለቤቴ መንገድ ሲከፈት መጥቶ ሊወስደኝ ነበር። እስካሁን አልቻለም። እነሱን ደግሞ አህያ ስጡኝና ልሂድባችሁ ማለት አቃተኝ።” ብርነሽ ለመጠየቅ እንዳፈረች ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ነገ አንቺን ሲሸኙ አህዮቹ ወገዳ የሚወጡት ባዷቸውን ነው?” አለች።

ዕፀገነት ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ገባት። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋችለት፣ ስንቱን ሰው የለመነችለት ጭነት ለዚህች ሴት መሄጃ ሆኖ መጣ። ባትመጣ ኖሮ ምናልባት ብርነሽ መጓጓዣ ስታጣ ትቆይ ነበር፤ ቆይታም ምናልባት ዳግመኛ በዚያ ወንዝ ዳር ትተኛ ነበር። የትኛው ይሻላል ብሎ የሚመርጥ ልብ አልተሰጣትም።

“ባዷቸውን ነው” አለች።

ስትወጣ ሰዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ማንም አልጠየቃትም፤ ፊቷን አይተው ገባቸው። አያ በላይነህ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ “ጭነቱን እኔው ራሴ አስራለሁ” አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጠዋት ብርነሽ እንደ ወትሮው ጋወኗን ደርባ ክፍል ገባች። ለትልልቆቹ ልጆች የትኛው መጽሐፍ ከየት እስከ የት እንደሚነበብ በሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። ለሐሙስ ይኼን፣ ለዓርብ ይኼን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይኼን እያለች ሰሌዳው እስኪሞላ ጻፈች። የሚሞላ ቦታ ሲጠፋ ጠመኔውን አስቀምጣ ዞረች።

“ትንንሾቹን እያስነበባችሁ፣ እሺ?”

“እሺ መምህርት” አሉ ባንድ ድምፅ። እነሱ ወገዳ ደርሳ የምትመለስ ነው የመሰላቸው። ከፊታቸው ቆማ እውነቱን ለመናገር ሞከረች፣ አልሆነላትም። ቁልፉን ለአያ በላይነህ ሰጥታ ወጣች።

ሻንጣዎቿንና ፍራሿን አህያ ላይ ሲጭኑ፣ ከትናንት ማታ ጀምራ ያልታየችው አማረች መጣች። ፍራሹ መሬት ለመሬት እንዳይጎተት አጣጥፋ፣ መጫኛውን ከአያ በላይነህ እጅ ተቀብላ፣ ጉልበቷን አህያው ጎን ላይ አስደግፋ አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ብርነሽን አቀፈቻት። ሁለቱም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ልጆቹ ያኔ ገባቸው። ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፉን እንዳቀፈ ሲሮጥ ተከትሏቸው መጣና፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

ብርነሽን በአያ በላይነህ በቅሎ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው አሻገሯት። አቀበቱን ብዙ ጊዜ እያረፉ ወጡት። ዕፀገነት ከኋላ ከኋላ ሄደች። ከአያ በላይነህ ጋር ጎን ለጎን ሲሆኑ ይቅርታ ልትላቸው አሰበች፤ ግን ለምኑ ይቅርታ እንደምትጠይቅ መናገር አቃታት። እሳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። “ቀስ አድርገሽ ያዢያት፣ ድንጋይ አለ” አሉ።

መሕቡብ ወገዳ ላይ ጭነቱን ሲያይ፣ “መጽሐፉን አልተቀበሉሽም እንዴ?” አላት። ወዲያው ብርነሽን አየና የመኪናውን በር ከፈተ። ጋቢውን አጣጥፎ መቀመጫው ላይ አነጠፈላት።

ብርነሽ እዚያው ወገዳ፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ዘመድ ቤት ወርዳ ተቀመጠች። ባሏም መንገዱ ሲከፈት መጣ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ወንድ ልጅ በሰላም ወለደች። ደውላ ስትነግራት ዕፀገነት ሱቋ ውስጥ ሆና እልል አለች፤ እናቷም ከጓዳ ተቀበሏት። ያ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር። ቀኑ ሳያልቅ ግን ሽምብራ ሜዳ ትዝ አለቻት።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ጠየቀች። ያናገራት ሰው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ አልዋሻትም። “እህቴ፣ መምህር የጎደለባቸው እነሱ ብቻ አይደሉም” አላት። “የምመድበው ሰው ባገኝ ዛሬ እመድባለሁ። የመደብኩትም ደብዳቤውን ይዞ ይቀራል።” በፌስቡክ ለቀቀች፤ ብዙ ሰው ልብ ሰጣት። አንድ ወጣት ተመራቂ እሄዳለሁ ብሎ ቃል ገባላት፤ ደስ ብሏት ለአያ በላይነህ ደወለች። ሊነሳ ሲል እናቱ አልቅሰው አስቀሩት። ዕፀገነት ልትቀየመው አልቻለችም። እሷም ብትሆን እናት አላት።

አያ በላይነህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተው ይደውሉላታል። በመጀመሪያ ወሬያቸው ጥሩ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስነብባሉ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንም እንዳያጠፋው ተብሎ ታዟል። በኋላ ዘሩ ደረሰ፣ ልጆቹ ወደ እርሻው ሄዱ። ከዚያ ዝናቡ በመስኮት ገብቶ ሰሌዳውን አጠበው። መጻሕፍቱን አይጥ እንዳይነካቸው አያ በላይነህ ሰብስበው ቤታቸው ቆጥ ላይ ሰቀሏቸው። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት መጣ፣ ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። በየጊዜው ስለ ብርነሽ ልጅ ይጠይቃሉ፤ ጤንነቱን ሲሰሙ “ተመስገን፣ ተመስገን” ይላሉ። በመጨረሻ እንደ ዋዛ፣ “ሰውስ ተገኘ?” ይላሉ።

“ገና ነው አያ። እየሞከርኩ ነው።”

“በርቺ ልጄ።”

በኅዳር አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ። ዕፀገነት ስሙን አየችና አላነሳችም። በሚቀጥለውም እሑድ አላነሳችም። እናቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ስልኩንና እሷን እያፈራረቁ አዩ፤ ያ አስተያየት ከወቀሳ በለጠባት። በሦስተኛው እሑድ ገና ሲጠራ አነሳችው።

“ኔትወርኩ ነው መሰል፣ አልገባ ብሎኝ ነበር” አሉ አያ በላይነህ። ከበስተጀርባቸው ነፋስ ይሰማል።

“ኔትወርኩ አይደለም አያ።” አለች ዕፀገነት። “እኔ ነኝ ያላነሳሁት። የምነግርዎ ስለሌለኝ ነው። ሰው አላገኘሁም። የማገኝም አይመስለኝም። የማውቀውን በር ሁሉ አንኳኩቼ ጨረስኩ።”

የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አንስታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

“አውቃለሁ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “ከነሐሴ ጀምሮ አውቄዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል?”

“ሕዝቡ ‘ጠየቅህ ወይ?’ ይለኛል። ጠየቅሁ ማለት አለብኝ። ሌላ የምላቸው ምን አለኝ?” ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ጉብታውን ሲወጡ ደክሟቸዋል። “ብቻ አንቺ ስልኩን አንሺው።”